ኅዳር ጽዮን ያበላኋችሁ ራመን

ወሬው የደረሰኝ ሰኞ ጠዋት፣ የመኪናዬን መስታወት እየፋቅኩ ሳለ ነው። ኮሎምቢያ ሃይትስ ያለው አፓርታማችን ጋራዥ ስለሌለው ከኅዳር እስከ መጋቢት ቀኔ የሚጀምረው በረዶ በመፋቅ ነው፤ የዘወትር ጸሎቴንም የማደርሰው እዚያው ነው። አቡነ ዘበሰማያትን አጋምሼ ሳለሁ ስልኬ ጠራ። ልጄ ናት። ብርዱን ፈርታ ከሦስተኛ ፎቅ መደወሏ ነው።

"ማሚ፣ ትናንት ሾርባው ውስጥ የጨመርሽው ነገር አለ አይደል? ፍቅፋቂ የሚመስለው።"

"እና?"

"ኢትስ ፊሽ።"

"ምንድን ነው ያልሽው?"

"ዓሣ። ከረጢቱ ላይ በእጅ የተጻፈ አለ፣ በስልኬ ካሜራ ሳየው ተረጎመው። ጥሩ የደረቀ ዓሣ፣ እርጥበት እንዳይነካው ይላል።" ከዚያ "ማሚ፣ አር ዩ ኦኬ?" አለች።

አልነበርኩም። ከአንድ ቀን በፊት፣ በነቢያት ጾም፣ የእመቤታችንን ጽዋ ሊጠጡ ቤቴ ለመጡ ዐሥር ሴቶች ዓሣ አብልቻለሁ። ያውም ጎድጓዳ ሳህኑ ባዶ ሲሆን "ጨምሩ እንጂ፣ በሞቴ" እያልኩ።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ አለዚያ ነገሩ ምን ያህል እንደከፋ አይገባም። እኔ የማኅበራችን ሌብል አንባቢ ነኝ። ማንም አልሾመኝም፣ ማንም ግን ሊሽረኝ አይችልም። ከእኅቶቼ አንዷ ሱቅ ገብታ ብስኩት ካነሳች ጀርባውን ፎቶ አንስታ ትልክልኛለች። እኔም የሰው ደም ግፊት እየለካሁ እንኳ ቢሆን አጉልቼ አነብና እመልሳለሁ። "ዌይ ይላል፣ የወተት ነው፣ መልሺው።" "ሌሲቲኑ የአኩሪ አተር ነው፣ ብዪ።" አንዷን የከፈተችውን ድንች ቺፕስ እዚያው ሱቁ መሃል አስተፍቻታለሁ፤ ደቃቅ ጽሑፉ ውስጥ የቅቤ ዱቄት አግኝቼበት።

ዓሣን በተመለከተ ደግሞ በነቢያት ጾም ይበላል፣ አይበላም የሚለው ክርክር በየቤቱ እንዳለ አውቃለሁ። በእኛ ማኅበር ግን ክርክሩ ተዘግቷል። የዘጋሁት እኔ ነኝ። አምና በዚያው ጾም ሆፕኪንስ የምትኖረው ጓደኛዬ፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂዋ፣ የቱና ሳንድዊች ይዛ መጥታ ነበር። ሁሉም እየሰማ፣ "እኅቴ፣ ዓሣ ደም የለውም እንዴ? አይኑስ አያይሽም?" አልኳት። ሳንድዊቹን ወደ ቦርሳዋ መለሰችው። ያን ዕለት በጣም ትክክል ነበርኩ። ትክክል መሆን ደግሞ እንደሚያሞቅ ካፖርት ነው፤ ሰው ቤት ገብተሽም አታወልቂውም።

ወደ ራመኑ፣ ወደዚያ የጃፓን የኑድል ሾርባ፣ ልመለስ። ጥፋቱን ለውድድር ሰጥቼ ብገላገል ደስ ይለኝ ነበር፤ ማኅበር ውድድር ነውና። አይባልም እንጂ ነው። በጥቅምቱ ተራ አንዷ ከካሹ ለውዝ አይብ ሠርታ የጾም ላዛኛ አቀረበች። ሴቶቹ እስከ መኪናቸው ድረስ ስለ ላዛኛው እያወሩ ሄዱ። ቀጣዩ ተራ የእኔ ነው። ኅዳር ጽዮን ነው፤ እዚህ አገር በዓል ሁሉ ወደ እሑድ ስለሚገፋ እሑድ ነው። ሽሮና ጎመን ሠርቼ ላዛኛውን ላሸንፈው አልችልም።

እኔ የምሠራው ሴንት ፖል ነው፤ ዘጠና ሊሞላቸው የተቃረቡ አንዲት ጃፓናዊት እናት ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ እረዳለሁ። ገላቸውን አጥባለሁ፣ መድኃኒት አስታውሳለሁ፣ ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ በእሳቸው ትእዛዝ ራመን እሠራለሁ። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ቢላ አይዙም። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ምግብ መብያውን እንጨት እንደ መቋሚያ እያነሱ እየጣሉ ያዙኛል። እሳቱ በዛ፣ ክዳኑን አንሺ፣ አታማስዪው። ሾርባን አለማማሰል ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያወቅኩት እሳቸው ቤት ነው። እኛ ወጥ ካላማሰልን የሠራን አይመስለን።

የማኅበሩን ነገር ስነግራቸው ደስ አላቸው። ጾም ላይ እንደሆንን ገለጽኩላቸው፤ ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ እንቁላል የለም። የአሳማውን ቁራጭ ትተው በእንጉዳይ ተኩልኝ፤ እንቁላሉንም ሰረዙት። ከዚያ መደርደሪያቸው ላይ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ እያነሳሁ መረመርኳቸው።

"ይኼስ፣ ሥጋ አለበት?"

"የለበትም።"

"ወተት? እንቁላል?"

"የለበትም፣ የለበትም።"

አኩሪ አተር ሶሱን፣ ጠፍጣፋውን የባሕር ቅጠል፣ የደረቀውን እንጉዳይ በዚህ መንገድ አሳለፍኩ። በመጨረሻ ከማሰሮ ውስጥ አንድ ስስ፣ ሮዝ ቡናማ የሆነ፣ አናጢ መላጊያ ሲገፋ የሚረግፈውን የመሰለ ነገር ዘገኑ። አሸተትኩት፤ ጭስ ጭስ ይላል። ሦስቱን ጥያቄዎቼን ጠየቅኩ። ሦስቱንም የለበትም አሉኝ። አንድ ከረጢት ሞልተው ሰጡኝ፤ በላዩም በሚንቀጠቀጥ እጃቸው አንድ ነገር ጻፉበት። የመልካም ምኞት መስሎኝ አመሰገንኩ።

ያን ነገር ምን ብዬ እንደተረዳሁት ልናገር፤ ከተናዘዝኩት ሁሉ ይሄኛው ነው የሚያሳፍረኝ። የሚታጠን እንጨት መስሎኝ ነበር። እኛ የጠላ እንስራ በወይራ እናጥን የለ? ጭሱ ይገባል፣ መጠጡ ይሸታል። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ምጣድና እንስራ ውስጥ ማጠኑን ትተው እንጨቱን ራሱን ልጠው ውኃ ውስጥ ይነክሩታል ብዬ ደመደምኩ። እንዲያውም ብልህ ናቸው አልኩ፤ የጭስ ማስጠንቀቂያው አይጮህባቸውም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሥራ ጀመርኩ። የባሕር ቅጠሉንና የደረቀውን እንጉዳይ ከጠዋት ጀምሮ ዘፍዝፌው ነበር። ሽንኩርት ለሁለት ከፍዬ ፊቱን ምድጃ ላይ አሳረርኩ፤ ልጄ አይታ "ማሚ፣ አቃጠልሽው" አለችኝ፣ "ትምህርት ነው" አልኳት። ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ጨምሬ ውኃው እንዳይፈላ፣ እንዲሁ ጠርዙ ላይ ትንሽ እንዲርገበገብ አድርጌ ተውኩት። አላማሰልኩም። ማንኪያውን ደብቄዋለሁ። በስተመጨረሻ የባሕር ቅጠሉን አውጥቼ ፍቅፋቂውን በሁለት እጄ ዘግኜ በተንኩበት፤ ትንሽ ቆይቼ አጠለልኩት። ቤቱ በአንድ ጊዜ ሸተተ። ጥሩ ነው የሸተተው፤ ምን ልዋሽ።

አኩሪ አተር ሶሱን ለብቻ በእንጉዳዩ ውኃና በጥቂት ስኳር አፈላሁት። ምስጢሩ እዚያ ላይ ነው፤ ሶሱ ድስቱ ውስጥ አይገባም፣ በየሳህኑ መጀመሪያ ሁለት ማንኪያ ይደረግና ትኩሱ ሾርባ ይፈስበታል። ለኑድሉ ደግሞ እንቁላል የሌለው አጥቼ ቀጭን ስፓጌቲ በቤኪንግ ሶዳ ቀቀልኩ። ይህንንም እሳቸው ናቸው ያስተማሩኝ፤ ሶዳው ስፓጌቲውን ቢጫና ለጠጥ የሚል ያደርገዋል። ውኃው ግን አረፋ ደፍቆ ምድጃዬን አጠበው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። ጸሎቱ ደረሰ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጽዋው ዞረ። ከዚያ ሳህኖቹን አቀረብኩ፤ ሾርባው፣ ኑድሉ፣ የተጠበሰው እንጉዳይ፣ አረንጓዴ ሽንኩርት፣ ከላይ ጠብ ያለ የሰሊጥ ዘይት። የማኅበራችን ሙሴ፣ ማለት ሰብሳቢያችን፣ ብሩክሊን ፓርክ የሚኖሩ ትልቅ ሴት ናቸው። በጾም ጉዳይ እኔን ራሴን የሚያስከነዱ ብቸኛ ሰው ናቸው። ጎንበስ ብለው አሸተቱ።

"ልጄ፣ ይኼ የሚሸተው ምንድን ነው?"

"የጃፓን ወይራ ነው፣ እትዬ" አልኩ፣ በሙሉ ልብ።

"ወይራ ይቀቅላሉ?"

"ፍቅፋቂውን።"

"ጎሽ፣ ሞያ ነው" አሉና ቀመሱ። ሁለተኛም ቀመሱ። ከዚያ በኋላ ቀና አላሉም።

እየመጠጡ ድምፅ ማሰማት በእነሱ አገር ነውር አይደለም፣ እንዲያውም ለሠራው ሰው ክብር ነው ብዬ አስረዳሁ። መጀመሪያ ተሽኮረመሙ፤ በኋላ ግን ዐሥሩም አንድ ላይ ሲመጥጡ ወንዝ ዳር የቆመ ከብት ነበር የሚመስሉት። ሙሴያችን ሹካቸው ላይ ጠቅልለው ለአውቶቡስ ነጂዋ ጓደኛዬ አጎረሷት። ኑድሉ ግን አላልቅ አለ። አንዱ ጫፍ አፏ ውስጥ፣ ሌላው የእሳቸው ሳህን ውስጥ ነው።

"በጥርስሽ በጥሺው እንጂ።"

"ነውር ነው እትዬ፣ የሰው ጉርሻ አይበጠስም።"

"እንግዲያ ሳህኔን ይዘሽ ወደ ሆፕኪንስ ልትሄጂ ነው?"

እየሳቁ ተላቀቁ። ሙሴያችን ሦስት ሳህን በሉ። ሲወጡ ጫማቸውን እያደረጉ፣ "ከሁለት ሳምንት በኋላ ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ምሳ ተራው የኛ ማኅበር ነው። ይኼንኑ ነው የምንሠራላቸው" አሉ። ስለ ላዛኛው ማንም ትንፍሽ አላለም። ያን ማታ የተኛሁት እንቅልፍ የጻድቅ እንቅልፍ ነበር።

ሰኞ ታዲያ ያን ስልክ ተቀብዬ ወደ ሴንት ፖል እንዴት ድራይቭ እንዳደረግኩ አላውቅም። በሩን ከፍቼ ኮቴን ሳላወልቅ ጠየቅኳቸው።

"ዓሣ ነዋ" አሉኝ። "ጣዕሙ ከየት የሚመጣ መስሎሽ ነው?"

"ሥጋ የለበትም ብለውኝ ነበር።"

"ዓሣ ሥጋ ነው?"

አምና ለጓደኛዬ ሳትጠይቀኝ መልሱን በሰው ፊት ሰጥቻት ነበር፤ አሁን ግን ኮቴን አውልቄ ሰቀልኩ። ፊቴ ሲለዋወጥ አይተው ሻይ አፍዪ አሉኝ።

"አምላክሽ ሾርባ ይቀምሳል?"

"አይቀምስም።"

"እንግዲያ ማን ነገረው?"

"እኔ ልነግረው ነው" አልኳቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሳቁብኝ።

የንስሐ አባቴ ጋ የሄድኩት ረቡዕ ነው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሦስቱን ጥያቄዎች፣ ወይራውን፣ ሦስቱን ሳህን። አባ እስከ መጨረሻው ሰሙና፣ "ጣፍጦ ነበር?" አሉ።

"በጣም፣ አባ።"

"ሳታውቂ ላበላሽው ቀኖና አልሰጥሽም። ያወቅሽውን ደብቀሽ መቆየት ግን ሌላ ነው። ዐሥሩንም በየተራ ንገሪያቸው፣ ይቅርታቸውን ተቀበዪ። እስከዚያ አትቁረቢ።" ልወጣ ስል ጠሩኝ። "የቱናዋን ልጅ ከፊት አስቀድሚያት።"

አትቁረቢ ያሉት ነገር ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ልጄ ሃይስኩል ከገባች ጀምሮ ቆርባ አታውቅም። አራት ዓመት ለምኛታለሁ፤ አልቅሼ፣ አኩርፌ፣ ለመላእክቱ በየስማቸው እየጠራሁ ከስሻት። በዚያ መስከረም ሳላስበው፣ ዕቃ እያጠብን፣ "ኦኬ ማሚ፣ ለገና ካንቺ ጋር እቆርባለሁ" አለችኝ። ከእኔ ጋር ነው ያለችው። ሥራ አግኝታ በሰኔ ወደ ሌላ ስቴት ትሄዳለች። ከዚያ በኋላ ዕቃ የሚታጠበው ለየብቻ ነው። ራመኑን ስለ በላች እሷንም ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። "አይ ፎርጊቭ ዩ። የተረፈውን ልጨርሰው?" አለችኝ። እሷ አንደኛ ናት፤ ግን ከዐሥሩ ውስጥ አትቆጠርም።

አባ እንዳሉት ከጓደኛዬ ጀመርኩ። የተማሪዎቹን አውቶቡስ አቁማ ስትወጣ ጠብቄ መኪናዬ ውስጥ አስገባኋትና ነገርኳት። መጀመሪያ ያመናት መስሎኝ ነበር፤ ዳሽቦርዱ ላይ ተደፍታ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ሳቅ ነው።

"አንቺ ሴትዮ። ቱናዬን ከአፌ አስጥለሽ በባልዲ ዓሣ አበላሽኝ?"

"በሳህን ነው።"

"አይኑስ አላየሽም?"

"ይቅር በዪኝ።"

"ይቅር ብያለሁ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር። ግን ለሙሴ ስትነግሪያቸው ልኑር። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።"

እሷ ግን እዚያ ብትኖርም የምታየው አልነበረም። ሙሴያችን አልሰማ አሉ። መጀመሪያ ስደውል፣ "እትዬ፣ ስለዚያ ሾርባ አንድ ነገር ልነግርዎት" ስል፣ "ሃሎ? ሃሎ? ድምፅሽ ይቆራረጣል" ብለው ዘጉት። ጥርት ብሎ ነበር የሚሰማኝ፤ ቴሌቪዥናቸውን እንኳ እሰማለሁ። በሁለተኛው ቅዳሜ እቤታቸው ሄጄ በመኪናዬ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰድኳቸው። መንገድ ላይ አፌን ስከፍት፣ "ቅዳሴ ልንገባ ነው፣ ልቤን አትበትኚብኝ" አሉኝ። ስንወጣ ስከፍት፣ "አሁን የሰማሁትን ቃል አታስረሺኝ" አሉኝ። በራቸው ላይ ሳደርሳቸው እጄን ያዝ አድርገው ዝቅ ባለ ድምፅ እንዲህ አሉ።

"ልጄ፣ ሱባኤ ላይ ነኝ። አንድ ነገር ከሰማሁ ከመጀመሪያው ነው የምጀምረው። ጉልበቴ ደግሞ አይችልም። ስለዚህ አልሰማሁም፣ አንቺም አልነገርሽኝም።" በሩን ከፍተው ገቡ፣ መለስ ብለውም "ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ሽሮ ይሻላል። ለምደውታል" አሉኝና ዘጉት።

እንግዲህ አልሰሙም። ሽሮውን ግን ያዘዙት እሳቸው ናቸው።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ተዛመተ። ዓሣው አይደለም የተዛመተው፤ አለመስማቱ ነው። የሰማ ሰው ቀን ይጨምራል፣ ያልሰማ ነፃ ነው የሚል ነገር በማኅበሩ ውስጥ እየተላለፈ እንደሆነ ገባኝ። እኔ ስደውል አንዷ ሥራ ላይ ናት፣ አንዷ እየነዳች ነው፣ አንዷ ልጇ ስልኩን ያነሳና "ሺ ኢዝ ኖት ሂር" ይለኛል፤ ከኋላው "የለችም በላት" ስትል እሰማታለሁ። ብስኩት ፎቶ የሚልክልኝም ጠፋ። ዐራቱ ሰምተው ይቅር አሉኝ። አንዷ አልቅሳ፣ አንዷ ተቆጥታ፣ አንዷ የአሠራሩን ዝርዝር ከትንሣኤ በኋላ እንድሰጣት አስምላኝ፤ አራተኛዋ ጓደኛዬ ናት። ስድስቱ እስከ ዛሬ አልሰሙም።

ገና መጣ። ሰዉ ሲቆርብ እኔ ከኋላ፣ ከአምዱ ጎን ቆምኩ። ልጄ ነጠላዋን አጣፍታ አጠገቤ ነበረች። "አንቺ ሂጂ፣ እኔን አትጠብቂ" አልኳት በሹክሹክታ። "ካንቺ ጋር ነው ያልኩት" አለችኝ፤ በአማርኛ ነው ያለችኝ። ሁለታችንም ቆመን ቀረን። እኔን እየጠበቀች ልትቆርብ ያለችው ልጅ፣ እኔን እየጠበቀች ሳትቆርብ ቀረች። ሙሴያችን ከፊታችን አለፉ፣ አዩን፣ ቶሎ ብለው ወደ ሥዕሉ ዞሩ።

ለጊዜው ቂም ይዤ ነበር፤ አልዋሽም። በኋላ ሳስበው ግን ምን ሆኜ ነው የተከፋሁት? ሰው ሁሉ እኔ ፊት ጥፋት ተይዞበት ሲያፍር ዓመታት ኖሬያለሁ። የእኔን ጥፋት አንሰማም ያሉት እንደ እኔ የሚፈርዱ መስሏቸው ሳይሆን አይቀርም። ከሰሙ መቆጣት አለባቸው፤ መቆጣቱን ከእኔ ነው የተማሩት። መቆጣት ደግሞ አልፈለጉም። ሾርባው ጣፍጧቸዋላ።

አሁን ዐቢይ ጾም ገብቷል። ለመቁረብ ትንሣኤ አለ፣ ከዚያ በኋላ ሰኔ ነው። በስልክ ስላልሆነልኝ ለማኅበሩ መጽሔት ጻፍኩት፤ እንደሚታተም፣ ደግሞ እናንተ ስድስታችሁ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው እንደምታነቡት አውቃለሁ። እዚህ ድረስ ካነበባችሁ ሰምታችኋል፤ ድምፅ ተቆራረጠ የሚባል ነገር የለም።

ስለዚህ ያን እሑድ ቤቴ የነበራችሁ እኅቶቼና እትዬ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ተቆጡኝ፣ ሳቁብኝ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ ማድረግም ይቻላል። ግን ደውሉልኝና በአፋችሁ "ሰምቻለሁ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር" በሉኝ። በስልክ ግሩፓችን ላይ የተገጣጠሙ እጆች ምስል አትላኩ፤ አባን ጠይቄያቸዋለሁ፣ አይቆጠርም ብለዋል። ለሱባኤያችሁ የሚጨመር ቀን ካለ እኔ እጾምላችኋለሁ። ከሆሳዕና በፊት ይሁንልኝ፤ ልጄ አሁንም እየጠበቀችኝ ነው።